ልብሽን ፈርተን ነው

«ብትነግሪያት፣ እናትሽን የገደልሻት አንቺ ነሽ» ሲል ሰማሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ሕልም ነው ብሎ ይገላበጥ ነበር። እኔ ግን ከንግግሩ በፊት የመጣውን ድምፅም ሰምቻለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ዓሣ ሳጸዳ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ እርጥብ ሥጋ ሲመታ ምን እንደሚል የሚነግረኝ የለም። አንዴ ጧ አለ። ዝም። ከዚያ ሁለቴ። ልጄና ባሏ የሚተኙበትን ክፍል ከኔ የሚለየው አንድ ስስ ቺፑድ ነው፤ እሱ ማዶ ሆኖ ሲያነጥስ እኔ ወዲህ ሆኜ «ይማርህ» የምለው ነገር ነው። ልጄ አላለቀሰችም። ምናለ ብታለቅስ። አንዲት የታፈነች ትንፋሽ ብቻ ወጣች፤ አፏን በትራስ እንደያዘች ያስታውቃል። መስኮቱ ገና ሊነጋ ግራጫ ብሏል። ግማሽ ተነስቼ የአልጋውን ጠርዝ እንደያዝኩ ልቤ ዘለለ።

ልቤ እንዲህ ያደርጋል። እየመታ እየመታ አንዴ ይቸኩላል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል፣ ልክ ደረጃ ስቶ እግሩ አየር ላይ እንደቀረ ሰው። ከዚያ ደረቴን ከውስጥ በቡጢ መትቶ ይነሳል። በቀን ስንት ጊዜ ብትሉኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም። የጀመረኝ ደም ግፊት አለብሽ ተብዬ ክኒን በጀመርኩ ሰሞን፣ ዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በቤታችን አንድ ሕግ አለ፤ ማንም አላወጣውም፣ ሁሉም ያከብረዋል። ለእሷ ክፉ ነገር አይነገርም፤ ከተነገረም ግፊቷ ከተለካ በኋላ ነው። እህቴ የሞተች ጊዜ ተለክቼ ነው የሰማሁት። ሦስት ቀን በተከታታይ ለኩኝ፣ ሦስቱንም ቀን ከፍ ብሎ ተገኘ። በአራተኛው ቀን ሲወርድልኝ እህቴ አፈር ከለበሰች ሦስት ቀን ሆኗት ነበር። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ደህና ነው ሲሉኝ ራሱ መፍራት ጀመርኩ፤ አሁን ደግሞ ማንን ሊያረዱኝ ነው እያልኩ። እጄ ወደ ደረቴ ከሄደማ አለቀ። ቴሌቪዥኑ ይቀነሳል፣ ልጄ የጀመረችውን ወሬ ትውጣለች፣ ሁሉም የኔን ፊት ያያል። እና ጠዋት እዚያ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ እጄ ደረቴ ላይ ነበር።

አማቼ መድኃኒት ቤት ሻጭ ነው። ሐኪም ባይሆንም ሰፈሩ «ዶክተሬ» ይለዋል፤ ለልጅ ሳል፣ ለሽማግሌ ወገብ የሚሆነውን በሩ ላይ ቆሞ ይነግራል፣ ለድሃ ዋጋ ይቀንሳል። ክኒኖቼን በትንሽ ሳጥን ከፋፍሎ ያስቀምጥልኛል፤ የጠዋቷ ሮዝ፣ ሽንት የምታመላልሰኝ ቢጫ፣ የማታዋ ግማሽ ነጭ። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን የግፊት መለኪያውን ይዞ ይመጣል። «ወንድ ልጅ ባልወልድም እሱን ሰጠኝ» እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ ኖሬያለሁ፤ ይቺ ንግግሬ ትዝ ስትለኝ ምላሴን በዓሣ ቢላዬ ባወጣው ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀንም በሰዓቱ መጣ። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። «እንደምን አደሩ እማማ» ብሎ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ክንዴን ያዘ። መዳፉ ሞቃት ነበር። ጨርቁን ጠቅልሎ ፊኛውን እየጨመቀ ሳለ እኔ የማየው ያን መዳፍ ነው።

«ዛሬ ከፍ ብሏል። መቶ ሰባ በመቶ። እንቅልፍ አልወሰደዎትም እንዴ?»

«ወስዶኛል።»

«የማታዋን ውጠዋል?»

«ውጫለሁ» አልኩት። የዋጥኩ መስሎኝ ነበር። እሱ ከወጣ በኋላ ጫማዬን ፍለጋ ጎንበስ ስል ያቺ ግማሽ ነጭ ክኒን ከአልጋው ሥር አቧራ ለብሳ ተቀምጣለች። አንስቼ እፍ አልኳትና አየኋት። ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ስውጣት ኖሬ አንዲት ቀን ወደቀችብኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም ሳልሰማ ኖሬ አንዲት ቀን ሰማሁ። ያኔ ነገሩ ገና ተገጣጥሞ አልመጣልኝም። የዚያን ቀን የሐኪም ቀጠሮ ነበረኝ፣ ወረቀቱም የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይምጡ ይላል፤ ሦስቱንም በመሐረብ ቋጠርኳቸው። ልጄ ልትሸኘኝ ቃል ገብታ ነበር። ከጓዳው በር ላይ ግራ ጉንጯን በፎጣ ይዛ ቆመች። «ጥርሴን አሞኝ ነው እማዬ፣ ዛሬ ብቻሽን ሂጂ» አለችኝ። ባለፈው ወር የቁም ሳጥኑ በር ነበር የመታት፤ ከዚያ በፊት ባልዲ አደናቅፏት ነበር። እኔ ፎጣውን አየሁ፣ እሷ የጫማዬን ጫፍ አየች። ፎጣውን ላንሳው ብዬ እጄን ስዘረጋ «ልብሽ ደህና ነው?» አለችኝ ፈጥና። እጄ አየር ላይ ቀረ።

ሐኪሟ ልጄን የምታክል ቀጭን ሴት ናት፤ ስታወራ ዓይን ታያለች። መተላለፊያው አግዳሚ ላይ ሁለት ሰዓት ጠብቄ ስገባ ሰላም ሳልል ነበር የጠየቅኳት። «ዶክተር፣ አንድ ነገር በደረቁ መልሽልኝ። ክፉ ነገር ብሰማ ደንግጬ እሞታለሁ?»

«ማነው እንዲህ ያለዎት?»

«ቤት።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ባለፈው የተነሳሁት የልብ ፎቶ ደህና መሆኑን፣ ጡንቻው እንዳልደከመ ነገረችኝ። «ልብዎ እየጎደለ አይደለም እናቴ፣ ትርፍ እየመታ ነው። ሰዓቱ ሳይደርስ ይመታና ያርፋል፤ ቀጥ አለ የሚሉት ዕረፍቱን ነው። ደስ አይልም፣ አውቃለሁ። ግን እንደርስዎ ዓይነቱ አይገድልም። እርስዎን የሚገድልዎት የግፊቱን ክኒን ቢተዉ ነው። ቢጫዋ ደግሞ ከሽንት ጋር ከሰውነትዎ ጨው ስለምታወጣ ደምዎን አያለሁ፣ መዝለሉን ሳትጨምረው አትቀርም።» ከዚያ መሐረቤን ፈታች። ሮዟን አየች፣ ቢጫዋን አየች፣ ነጯን በጣቷ ገለበጠች። «ይቺን ማን አዘዘልዎት?»

«ለልቤ ናት። አማቼ ነው የሚሰጠኝ።»

«የልብ አይደለችም። የእንቅልፍ ናት። ይቺን የዋጠ ሰው ቤት ቢፈርስበት አይሰማም።»

ቤቱስ እየፈረሰ ነው የከረመው፣ አልኩ በሆዴ። እዚያ ወንበር ላይ ሁለቱ ዓመት እንዳለ ጭንቅላቴ ላይ ወደቀ። ልጄ ስትመታ እኔ እያንኮራፋሁ። እሷ ትራስ ስትነክስ እኔ እያንኮራፋሁ። ጠዋት ተነስቼ «እንዴት ጥሩ እንቅልፍ ነበር» እያልኩ ለመታት ሰው ስመርቅ። ሐኪሟ ፊቴን አይታ ቤት ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ፤ ነገ ልጄን ይዤ እመጣለሁ አልኳት፣ ሌላ ነገር አልወጣኝም። የሲጋራ ፓኮ የምታክል ማሽን አንገቴ ላይ አንጠልጥላ ሽቦዎቿን ደረቴ ላይ ለጠፈችልኝ። እስከ ነገ ጠዋት ልቤን ትጽፈዋለች። እኔ ደግሞ በወረቀት፣ በስንት ሰዓት ምን እንዳደረግኩ እጽፋለሁ። ሦስተኛ ክፍል ደርሻለሁ፣ ፊደሌ ትልልቅ ነው እንጂ ይነበባል። «ገላዎን አይታጠቡ፣ ሌላውን እንደ ወትሮዎ ይዋሉ» አለችኝ። ዓሣ የሚያጸዳ ሰው ሳይታጠብ ሲያድር የሚጨነቀው ጎረቤቱ ነው፣ አልኳት። እሷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም።

እንደ ወትሮዬ እንድውል ስለተነገረኝ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። የዓሣ ተራው ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ፤ ውሃውም ደሙም በአንድ ቦይ ይወርዳል። የኔ ድርሻ አምባዛ ነው። ጢማም፣ ቅርፊት የሌለው፣ ከውሃ ከወጣ በኋላ ግማሽ ቀን የማይሞት ግትር ዓሣ ነው፤ ሌሎቹ ሴቶች እሾሁን ፈርተው አይነኩትም። እኔ ክንድ የምታክል ዱላ አለችኝ፤ እጀታዋ በእጄ ላብ ጠቁሯል። ከዓይኑ በላይ አንዴ ነው። ሁለቴ መምታት ያላወቀ ሰው ሥራ ነው፤ ሥጋው ይበላሻል፣ ገዢውም ዋጋ ይሰብራል። ያን ቀን የመጀመሪያውን አራት ጊዜ መታሁት። ጭንቅላቱ ከጠረጴዛው ጋር ተጣበቀ። ገዢዋ «ኧረ ሴትዮ፣ ምን አደረገሽ?» አለች፤ ሌላ ወስዳ በግማሽ ዋጋ ሄደች። ሆዱን ቀድጄ ሳወጣ ልቡ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። የዓሣ ልብ እንዲህ ነው፣ ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ብቻውን እየመታ ይቆያል። ስንት ዓመት እያየሁት እጠርገው ነበር። ያን ቀን እስኪያቆም ቆሜ አየሁት። ቶሎ አላቆመም።

ከጎኔ የምትሠራውን ሴት «ሚዛን» እንላታለን፤ ሚዛኗን ስለምታጋድል ነው፣ እሷም ስሙን ወድዳዋለች። የልቤ ወዳጅ ናት፤ ስንታመም ተጠያይቀናል፣ ልጄን በጀርባዋ አዝላልኛለች። ሽቦዬን አይታ «ምን ታጥቀሽ ነው የመጣሽው? እንዳትፈነጂብን እህት!» ብላ ተራውን አሳቀችው። ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቅኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኳት።

«ልጄን ባሏ እንደሚመታት ታውቂያለሽ?»

ቢላዋ ዓሣው ሆድ ውስጥ ቆመ። «ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

ውሸት ነው አላለችም። አፍሽ ይቆረጥ አላለችም። ማን ነገረሽ አለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነታቸውን ነው። ማን ማን እንደሚያውቅ ጠየቅኳት፤ እሷም አንዴ ከከፈተችው ሁሉንም አወጣችው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ታውቃለች፤ ግድግዳ እንጋራለን። ዳቦ ሻጩ ያውቃል፤ አንድ ጠዋት ልጄ ዳቦ ልትገዛ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ሄዳለች። የባሏ እናት ታውቃለች። «አንቺስ?» አልኳት። ዓይኗን ወደ ቦዩ ጣለች። «እኔጋ መጥታ አልቅሳለች፤ ባለፈው ዓመት። ለናቴ ብነግራት ክልትው ትልብኛለች አለችኝ፣ እኔንም አስማለችኝ። ልብሽን ፈርተን ነው እኮ እህቴ። ነግሬሽ እዚሁ ብትወድቂብኝ ምን ይውጠኛል?»

በእጄ የነበረው አምባዛ ነው። በጭራው ይዤ በፊቷ ላይ አሳረፍኩት። ድምፁ የጠዋቱ ድምፅ ነበር። ሚዛን ወደ ኋላዋ ተንገዳግዳ በረዶው ሣጥን ላይ ቁጭ አለች፤ ዝልግልጉና ደሙ ከአገጯ ይንጠባጠባል። ትሰድበኛለች፣ ፀጉሬን ትይዛለች ብዬ ጠበቅኩ። በሽርጧ ፊቷን ጠረገችና «ይገባኛል» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «ልብሽ ግን ደህና ነው?» ይህን ጊዜ ነው ማልቀስ የቃጣኝ። ሰፈር ሙሉ ሰው፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ የሚወደኝ ሰው ነው፤ በኔ ልብ ላይ ቆሞ ልጄን ሲያስመታት ኖረ። ወረቀቴን አወጣሁና በእርጥብ እጄ ጻፍኩ፦ 8 ሰዓት፣ ሚዛንን በዓሣ መታሁ። ዱላዬን ሁልጊዜ ተራው ውስጥ ቆልፌ ነው የምሄደው። ያን ቀን ዘንቢሌ ውስጥ ከተትኳት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አማቼ ገባ። ሙዝ ይዟል፤ ለልብ ጥሩ ነው እያለ ሁልጊዜ ሙዝ ያመጣልኛል። ልጄ ጓዳው በር ላይ ኩባያ ታጥባለች። ፎጣው የለም፤ ጉንጯ ደግሞ እንደበሰበሰ ፍሬ ከሥሩ ጠቁሯል፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የምትሠራው። እሱ ሽቦዬን አይቶ «ጎሽ፣ ማሽኗን አሰሩልዎት? እስቲ ግፊቱንም እንየው» ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ክንዴን ሰጠሁት። ጨርቁን ጠቀለለ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰካ፣ ፊኛውን መጨመቅ ጀመረ። ማዳመጫው ጆሮው ውስጥ ቢሆንም እንዲሰማኝ ጮክ አልኩ።

«ነጯን ክኒን ለሐኪሟ አስረከብኳት።»

«የትኛዋን?»

«የማታዋን። የእንቅልፍ ናት አለችኝ። ትናንት ወድቃብኝ ሳልውጣት አደርኩ። ጠዋት ሁሉንም ሰማሁ።»

ከጓዳው የውሃው ድምፅ ቆመ። እሱ ግን መጭመቁን አላቆመም። የመለኪያው መርፌ ሁለት መቶን አለፈ፤ ጣቶቼ ሲያብጡ፣ ጥፍሬ ሥር ሲጠቁር አያለሁ፤ ክንዴ አጥንቱ ድረስ ተያዘ። በዚያው በሚጣፍጥ ድምፁ «እማማ፣ አይናደዱ። ልብዎ አይችለውም» አለኝ። «ልቤን ለኔ ተውልኝ። ቤቱ የኔ ነው። ልብስህን ሰብስብና ውጣ» አልኩት። ማዳመጫውን ቀስ ብሎ ከጆሮው አወጣ፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ተነሳና ወደ ልጄ ዞረ። «ነገርሻት፣ አይደል?» ራሷን ነቀነቀች። አልነገረችኝም፣ እውነቷን ነው። በመዳፉ ጀርባ አፏ ላይ መታት፤ ጭንቅላቷ ከቁም ሳጥኑ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ኩባያው ወለሉ ላይ ተበተነ። እኔ ፊት ሲመታት የመጀመሪያው ነበር፤ ከእንግዲህ የሚደብቀው የለማ።

ተነሳሁ። የመለኪያው ጨርቅ ክንዴ ላይ እንዳለ ነው፣ ፊኛው እየተወዛወዘ ጉልበቴን ይመታኛል። ዱላዋን ከዘንቢሌ ሳወጣ የዓሣ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ልጄን የመታበትን ክንድ ከአንጓው በላይ መታሁት። አጥንት ሲሰበር ያለውን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ እርጥብ እንጨት ነው። ጮኸ። ያኔ ልጄ ሮጣ መጣች፤ እሱን ትይዛለች ብዬ ነበር፣ እኔን ያዘችኝ። ሁለት ክንዴን ከኋላ ጠምጥማ ይዛ «እማዬ ቁጭ በይ! ልብሽ! ልብሽ!» ትላለች። እሱ ጊዜ አገኘ። በደህናው እጁ የደረቴን ሽቦዎች ጨምድዶ ወደ ራሱ ሳበኝ፣ ልጥፎቹ ቆዳዬን ይዘው ተነሱ፣ ከዚያ በግንባሩ አፍንጫዬን መታኝ፣ ደገመኝ። ዓይኔ ነጭ ሆነ፤ አፌ ውስጥ ብረት ብረት አለኝ፤ አንድ ጥርሴ ምላሴ ላይ ተንከባለለ። «ትሞቻለሽ አንቺ አሮጊት!» አለኝ። ሁለት ዓመት እርስዎ ሲለኝ የኖረ ሰው ነው።

«ልቀቂኝ» አልኳት ልጄን።

«ትሞቻለሽ እማዬ!»

«ካልለቀቅሽኝ ነው የምሞተው!»

ለቀቀችኝ። እንዴት እንደለቀቀችኝ አልረሳውም፤ ጣቶቿ አንድ በአንድ ነው የተከፈቱት። ጉልበቱን መታሁት፤ አንዴ። ሲወድቅ ጀርባውን ለቺፑዱ ሰጠ፣ ቺፑዱም ከነሚስማሩ ተገንድሶ አልጋቸው ላይ ተኛ። ሁለቱ ክፍል አንድ ሆነ። ወለሉ ላይ ሆኖ ተንፏቅቆ ሲሸሽ ተከተልኩትና ትከሻውን መታሁ፣ ጀርባውን መታሁ፤ ሁለቴ መምታት ያላወቀ ሰው ሥራ ነው ያልኩት እኔ፣ ያን ቀን ምንም እንደማላውቅ ሆንኩ። በሩን ራሱ ከፍቶ በሦስት እግር እንደቀረ ውሻ ወጣ። ጫማውን ከኋላው ወረወርኩለት። ጎረቤቱ ሁሉ ደጁ ላይ ቆሟል። ልብስ ሰፊዋ ደም በደም ሆኜ ስታየኝ «ልቧን! ልቧን ያዟት! ውሃ ስጧት!» ብላ ጮኸች። «ልቤን ተዉት!» አልኳቸው፣ በዚያ በተሰበረ አፍንጫዬ እንዴት እንደወጣኝ እንጃ። «ልቤን ተዉትና ልጄን አዩልኝ!» ልጄ በፈረሰው ግድግዳ መሃል ቆማለች፤ ከጆሮዋ በላይ ያለው ቁስል አንገቷ ድረስ ይፈሳል፣ እሷ ግን የምታየው የኔን ደረት ነው። ወረቀቴን ፈልጌ ጻፍኩ፦ 12 ከ20፣ አማቼን መታሁ። ክንዱን፣ ከዚያ ጉልበቱን።

ጠዋት ሐኪሟ ጋ ሁለታችንም ገባን። አፍንጫዬ በጥጥ ታጭቋል፣ የልጄ ራስ በፋሻ ታስሯል። እሱ ክንዱን አስጠግኖ ማታውኑ ከስሶኛል፤ ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ጣቢያ እፈለጋለሁ፤ መጥሪያው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሐኪሟ መጀመሪያ የልጄን ፊት አየች፣ እየለካች ጻፈች፣ ማህተም መታችበትና «ይህን ጣቢያ ይዛችሁ ሂዱ፤ የክኒኗን ነገር ደግሞ እኔ እጽፋለሁ» አለች። ከዚያ ማሽኗን ወስዳ ኮምፒዩተሩ ላይ ሰካችው። ሁለት ሽቦ ተነቅሏል፣ የቀሩት ግን አልለቀቁም። ረጅም መስመር ነው የሚታየው፤ ትናንሽ ኮረብታዎች፣ በየመሃሉ አንድ ያበደ ትልቅ ኮረብታ። ተኝቼ እያለሁ ብዙ ነው። ዛሬ ጠዋት መተላለፊያው ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ብዙ ነው። እየጎተተች ሄደች፣ ሄደችና ቆመች። ወደ ኋላ መለሰች። እንደገና አየችው።

«አሥራ ሁለት ከሩብ ላይ ልብዎ ይሮጣል፤ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ አንዲት ትርፍ ምት የለችም» አለች። «ቀኑን ሙሉ እንዲህ ቀጥ ብሎ የሄደበት ሰዓት የለም። ምን እያደረጉ ነበር?»

ወረቀቱን ሰጠኋት። አነበበችው። ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አላየሁም። ዞራ ስትመጣ ፊቷ የሐኪም ሆኗል። «ልብ ሲሮጥ ለትርፉ ቦታ የለውም፤ የርስዎ ዓይነቱ እንዲህ ነው። ይህ ማለት ግን ሰው መደብደብ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም» አለችኝ። ቢጫዋን ክኒን ለወጠችልኝ፣ ሮዟን እንዳልተው አስጠነቀቀችኝ። ልጄ ኮምፒዩተሩን እንዳየች ነው። ያቺን ትርፍ ምት የሌለባትን መስመር ነው የምታየው። ሐኪሟን አይደለም፣ እኔን አይደለም፣ መስመሯን ጠየቀቻት ብል ይሻላል።

«ታዲያ እኔ ሁለት ዓመት ምን እየጠበቅኩ ነው የኖርኩት?»

መተላለፊያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የጣቢያው ሰዓት እስኪደርስ ጊዜ አለን። ሰው ያልፋል፣ ተሽከርካሪ አልጋ ያልፋል፣ አንዷ ወለል ትወለውላለች። ልጄ እጇን ጭኖቿ መሃል ከትታ ወደ ወለሉ እያየች ጀመረች። «የመጀመሪያው ቀን በቁልፍ ነው» አለች። «ቁልፉን በር ላይ ረስቼው።» ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ራሷን ውሃ ውስጥ የያዘባትን። ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ ፅንስ የወረደባትን፣ እኔ ወገብ ሕመም ነው ተብዬ ያሸሁላትን። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አይልም። ልቤ ዕረፍት ስላገኘ እንደገና ጀምሮታል፤ ዘለለ፣ ቀጥ አለ፣ መታኝ። ደግሞ ዘለለ። እሷ አንዲት ቃል በተናገረች ቁጥር ዓይኗን ሰረቅ አድርጋ ወደ እጄ ትልካለች። እጄ ከተነሳ እንደምታቆም አውቃለሁ። ሁለቱንም እጄን ከጭኔ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩባቸው። ልቤ የፈለገውን ይምታ። «ቀጥይ» አልኳት፤ ቀጠለች።